ለአስታማሚ የማይታየው ወረቀት

የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የጽኑ ሕሙማን ክፍል (አይሲዩ) ነው። ነርስ ነኝ። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፤ የራሴም ይቅር። የማወራው የአንድ ግቢ ገመና ስላልሆነ ስም መጥራቱ ነገሩን ያሳንሰዋል። በየአይሲዩው የምንሠራ ሰዎች እርስ በርሳችን የምናወራውን፣ በሩን ከፍተን ወደ ኮሪደሩ ስንወጣ ግን የምንውጠውን ነው የምነግራችሁ።

ነገሩ አንድ ወረቀት ነው፤ ከላቦራቶሪ የሚመጣ የካልቸር ውጤት። ከላይ የታማሚው ስምና የካርድ ቁጥር ይጻፍበታል። ቀጥሎ ከደሙ ወይም ከአክታው የተገኘው ባክቴሪያ፣ ከዚያ ቁልቁል የመድኃኒቶች ዝርዝር ይሰፍራል። በየመድኃኒቱ አንጻር አንዲት ፊደል አለች። «ኤስ» ከሆነች መድኃኒቱ ይሠራል፤ «አር» ከሆነች ባክቴሪያው ለምዶታል፣ አይበገርም። ደኅና ቀን ሁለቱ ፊደላት ተቀላቅለው ይመጣሉ። ክፉ ቀን ከላይ እስከ ታች «አር» ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ወረቀት ራውንድ ላይ ሲነበብ ሲኒየሩ ሐኪም «ኮሊስቲን ይገኛል?» ብሎ ይጠይቃል፤ የመጨረሻ አማራጭ የሆነውን መድኃኒት ማለቱ ነው። ፋርማሲስቱ ራሱን ይነቀንቃል። ወረቀቱ ቻርቱ ውስጥ ይገባል፣ ራውንዱም ወደሚቀጥለው አልጋ ያልፋል።

ውጭ ለሚጠብቁት ቤተሰቦች የሚደርሳቸው ሌላ ነው፦ «ኢንፌክሽን ተፈጥሯል፤ መድኃኒት ቀይረንለታል፤ ጸልዩ።» ታማሚው ካረፈ ደግሞ በሞት ማስረጃው ላይ የሚሰፍረው «ሴፕሲስ» (የደም መመረዝ) ወይም ወደ ሆስፒታል ያመጣው የመጀመሪያ ሕመም ነው። የባክቴሪያው ስም የለም። የትኞቹን መድኃኒቶች እንደተቋቋመም አይጻፍም። ስሙ ከካልቸር ወረቀቱ አለመውጣቱ ከባክቴሪያው ያልተናነሰ ጉዳት ያደርሳል ብዬ ስለማምን ነው ዛሬ አፌን የከፈትኩት።

የክፍሉ ነዋሪዎች

ሁለቱን ላስተዋውቃችሁ። አንደኛው አሲኔቶባክተር ባውማኒ ይባላል። ጤነኛውን ሰው እምብዛም አይነካም፤ የሚፈልገው ቱቦ የገባበትን፣ የቆሰለውን፣ አቅም ያጣውን ነው። ክፋቱ ድርቀትን መቻሉ ነው። በአልጋ ብረት፣ በሞኒተር ቁልፍ፣ በመጋረጃ ጫፍ ላይ ለሳምንታት ሳይሞት ይቆያል። እ.ኤ.አ. ከ2003 በኋላ ከኢራቅ ቆስለው የተመለሱ የአሜሪካ ወታደሮች ላይ በብዛት ሲታይ በኢራቅ ስም ቅጽል ወጣለት፤ ከዚያች አገር አፈር የመጣ ነው ተባለ። ሲጣራ ግን ዋናው ምንጭ ቁስለኞቹ የታከሙባቸው የጦር ሜዳ ሆስፒታሎች ራሳቸው ሆነው ተገኙ። ጥፋቱን በሩቅ አፈር ላይ ማላከክ የትም ያለ አመል ነው።

ሁለተኛው ክሌብሲየላ ኒሞኒዬ ነው። ይህኛው በጤነኛ ሰው አንጀት ውስጥ በሰላም ይኖራል። አደገኛነቱ በልግስናው ነው፤ መድኃኒት የሚቋቋምበትን ዘረመል ለጎረቤቱ ባክቴሪያ፣ የሌላ ዘር ለሆነው እንኳ፣ ያቀብላል። ኢትዮጵያን ጨምሮ በ7 የአፍሪካና የደቡብ እስያ አገሮች በጨቅላ ሕፃናት የደም መመረዝ ላይ የተካሄደ ሰፊ ጥናት ከዋነኞቹ መንስኤዎች አንዱ ሆኖ ያገኘው ይህንኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አዲስ መድኃኒት በአስቸኳይ የሚያስፈልጋቸውን ባክቴሪያዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ሲዘረዝርም ሆነ በ2024 ዝርዝሩን ሲያድስ፣ ካርባፔነም የተባሉትን ጠንካራ መድኃኒቶች የለመዱት የእነዚህ ሁለቱ ዓይነቶች ከአሳሳቢዎቹ ረድፍ አልወረዱም።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ ባክቴሪያውን መሸከምና በባክቴሪያው መታመም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ብዙ ታማሚ ቆዳው ላይ ወይም አንጀቱ ውስጥ ይዞት ይገባል፣ ይዞት ይወጣል፣ ምንም ሳይሰማው። ትኩሳት የለውም፣ ካልቸርም አይላክለትም፤ ስለዚህ ማንም አያውቅበትም። አይሲዩን የሚያስቸግሩት እነዚህ ያልታወቁ ተሸካሚዎች ናቸው።

እጅ፣ ጓንት፣ አልጋ

ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው ባክቴሪያውን የሚያሻግረው በአብዛኛው የእኛ እጅ ነው። ይህን የማያውቅ ባለሙያ የለም። የዓለም ጤና ድርጅት እጅ የሚጸዳባቸውን 5 ወቅቶች እ.ኤ.አ. በ2009 በመመሪያ አውጥቷቸዋል፤ ፖስተሩ በየግድግዳችን ተለጥፏል። ፖስተሩ የማይናገረውን ልንገራችሁ። አዳር ላይ ነኝ እንበል፤ የመተንፈሻ ማሽን ላይ ያሉ ታማሚዎች በእጄ አሉ። የአንዱ አክታ ቱቦውን ዘግቶ ማሽኑ ይጮኻል። የሌላኛው የደም ግፊት ወርዷል። በዚያች ቅጽበት እጄን ላጽዳ ወይስ ልሩጥ? ሳኒታይዘሩ በክንዴ ርቀት ካለ ሁለቱንም አደርጋለሁ፤ በአልኮል እጅን ማሸት 20 ወይም 30 ሴኮንድ ነው የሚወስደው። ጠርሙሱ ባዶ ከሆነ ግን እሮጣለሁ። ሠራተኛ ሲያንስ ኢንፌክሽን ይበዛል የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

ጠርሙሱ ባዶ መሆኑ ደግሞ የዕውቀት ጉዳይ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የሳኒታይዘር አሠራር ቀመር ለማንም ክፍት ነው፤ 80 በመቶ ኢታኖል፣ ጥቂት ሃይድሮጂን ፐሮክሳይድ፣ ጥቂት ግሊሰሪን። ኢታኖሉን ፊንጫና መተሐራን የመሳሰሉ የራሳችን ስኳር ፋብሪካዎች ያመርቱታል። በኮቪድ ጊዜ በየባንኩ በር የነበረው ሳኒታይዘር ዛሬ ከታማሚ አልጋ አጠገብ የሚጠፋው ጠያቂ ስለሌለው ነው።

ጓንትም ያታልላል። ጓንት ያጠለቀ ሰው ንጹሕ የሆነ ይመስለዋል፣ ቤተሰብም ሲያየው ደስ ይለዋል። ጓንቱ የሚጠብቀው ግን ያጠለቀውን ሰው ነው። በአንድ ጓንት ሽንት የደፋ፣ ያንኑ ይዞ የማሽኑን ቁልፍ የነካ፣ ከዚያ ስልኩን ያነሣ ሰው ካያችሁ ባዶ እጅ ይሻል ነበር፤ ባዶ እጅ ቢያንስ መቆሸሹ ይሰማዋል።

ቱቦዎቹስ? በጉሮሮ የገባው ቱቦ ማሳልን ይከለክላል፤ በአንገት ሥር የገባው ካቴተር በቀጥታ ወደ ደም ያደርሳል፤ የሽንቱ ቱቦም የራሱ መንገድ አለው። በሦስቱም ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ባክቴሪያዎቹ ተደራርበው ሽፋን ይሠራሉ፤ መድኃኒት ያን ሽፋን አልፎ አይደርስባቸውም። ስለዚህ በየማለዳው መጠየቅ ያለበት ጥያቄ «ይህ ቱቦ ዛሬም ያስፈልገዋል?» ነው። በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት ፒተር ፕሮኖቮስት የተባለ ሐኪምና ባልደረቦቹ 5 ቀላል ተግባራትን በዝርዝር አስይዘው ከ100 በላይ በሆኑ አይሲዩዎች አስተገበሩ፦ እጅን መታጠብ፣ ቆዳን በክሎርሄክሲዲን ማጽዳት፣ ካቴተሩ ሲገባ ሙሉ መከላከያ መልበስ፣ በተቻለ መጠን በብሽሽት ከማስገባት መቆጠብ፣ የማያስፈልገውን ካቴተር ማውጣት። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው ውጤታቸው በካቴተር የሚመጣው የደም ኢንፌክሽን እስከ 66 በመቶ መቀነሱን አሳየ። አዲስ መድኃኒት አልተፈለሰፈም። ነርሷ ሐኪሙን «ቁም፣ አንዱን ዘለልክ» የማለት ሥልጣን ተሰጣት እንጂ። እኛ ዘንድ ዝርዝሩ ተተርጉሞ ገብቷል፤ ሥልጣኑ ግን አብሮት አልገባም።

ስለ አልጋውም ላንሾካሹክላችሁ። አንድ ታማሚ ሲያርፍ ወይም ሲሻለው ለዚያ አልጋ ወረፋ የሚጠብቅ ሌላ ታማሚ ድንገተኛ ክፍል ተኝቷል፤ ስልክ ይደወላል፤ «አልጋው ደረሰ?» የጽዳት ሠራተኛዋ ፍራሹን፣ ብረቱን፣ ቱቦውን፣ ሞኒተሩን በበረኪና ለማዳረስ ጊዜ ትፈልጋለች፤ የሚሰጣት ግን ጥድፊያ ነው። ባክቴሪያው የነበረበት ታማሚ በተኛበት አልጋ ተከትሎ የሚተኛው ሰው ያንኑ የመያዝ ዕድሉ እንደሚጨምር ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። በክፍሉ ውስጥ የብዙ ሰው ሕይወት የሚያተርፍ ሥራ የምትሠራው፣ ግን ሥልጠና ሲሰጥ ስሟ የማይጠራው ያቺ የጽዳት ሠራተኛ ናት።

ከዚያ ደግሞ ሲንኩ አለ። የእጅ መታጠቢያው የታችኛው ጠመዝማዛ ቱቦ ውስጥ ሁልጊዜ ውኃ ይቆማል፤ ባክቴሪያዎቹ እዚያ ይከትማሉ። ቧንቧው በኃይል ሲከፈት ፍንጣሪው አጠገቡ ያለ ነገር ሁሉ ላይ ያርፋል። የተረፈ ግሉኮስና በአፍንጫ ቱቦ የሚሰጥ ምግብ ሲንክ ውስጥ ስንደፋ ደግሞ እንቀልባቸዋለን። በኔዘርላንድስ ናይሜኸን ከተማ የሚገኘው የራድባውድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በዚህ ተማርሮ ከአይሲዩ ክፍሎቹ ሲንኮቹን እስከ መንቀል ደርሷል፤ ከዚያ ወዲህ ኢንፌክሽን አምጪዎቹ ቀንሰዋል። የእኛ ችግር የተገላቢጦሽ ነው። ሲንኩ አለ፣ ውኃው በፈረቃ ነው። ውኃ ሲጠፋ ጄሪካን ይቀዳል፤ ጄሪካኑን ማን እንደሚያጥበው ግን አትጠይቁኝ።

«ውጭ ግዙ»

ወደ መድኃኒቱ ስንመጣ ወሬው ይመራል። ሴፍትሪያክሶን የተባለው መርፌ በሆስፒታሎቻችን ብዙ ሳይታሰብበት ይታዘዛል። ታማሚው እኛ ጋ ሳይደርስ በሰፈር ክሊኒክ ተወግቶታል፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የገዛውን አሞክሳሲሊን በፍሬ ቆጥሮ ውጧል። ሕጉ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሸጥ ይላል፣ ሁላችንም ግን ገዝተን እናውቃለን። የዓለም ጤና ድርጅት ሴፍትሪያክሶንን በጥንቃቄ ከሚያዙት ተርታ ነው የመደበው። ያለ ቦታው የተሰጠ አንቲባዮቲክ ስንዴውን ነቅሎ እንክርዳዱን እንደሚተው አራሚ ነው፤ ገሩን ባክቴሪያ ያጠፋና ማሳውን ለክፉው ይለቅለታል።

ሴፍትሪያክሶኑ ሳይሠራ ሲቀር ሜሮፔነም ይታዘዛል። የተለመደው የአዋቂ መጠን 1 ግራም በየ8 ሰዓቱ ነው፤ በቀን 3 ብልቃጥ፣ ለ7 ቀን 21 ብልቃጥ። የሆስፒታሉ ፋርማሲ ከጨረሰ ለአስታማሚው ማዘዣ ተሰጥቶት «ውጭ ግዙ» ይባላል። ልጅ ለእናቱ ይሮጣል፤ የሁለት ቀኑን ይገዛል፤ በሦስተኛው ቀን ዘመድ ጋ ይደውላል፤ በአራተኛው ላይ እቁብ ይጠይቃል። በመካከሉ የሌሊቱ መርፌ ያልፋል። ቻርቱ ላይ ያቺ ሰዓት ትከበብና «አልቀረበም» ይጻፍባታል። እንዲህ እየተቆራረጠ የሚገባ መድኃኒት ባክቴሪያውን አይገድለውም፤ ያሠለጥነዋል። የድህነቱ ዋጋም ከዚያ አልጋ ላይ አይቀርም፤ አጠገቡ የተኛው፣ መድኃኒቱን ሙሉ በሙሉ የገዛውም ሰው ይከፍለዋል።

ሜሮፔነም ሲከሽፍ የሚቀረው ኮሊስቲን ነው። እ.ኤ.አ. የ1950ዎቹ መድኃኒት ነው፤ ኩላሊትና ነርቭን ስለሚጎዳ ዓለም ትቶት ነበር፤ ሌላው ሲጠፋ ተመለሱበት። እኛ ጋ እንደ ልብ አይገኝም። አንዳንዱ ቤተሰብ ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ያስመጣዋል፤ ሲደርስ አንዳንዴ ባለቤቱ የለም። እዚህ ላይ የላቦራቶሪ ሰዎች ብቻ የሚያወሩት ምሥጢር አለ። ኮሊስቲን መሥራት አለመሥራቱ በተለመደው ባለ ክብ ወረቀት ምርመራ አይለይም፤ ልዩ የፈሳሽ ምርመራ ይፈልጋል። ስለዚህ ከኮሊስቲን አጠገብ «ኤስ» የሚል ወረቀት ስታዩ በምን ዘዴ እንደተመረመረ ሳታውቁ አትደሰቱ። እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ደግሞ ቻይና ውስጥ ኮሊስቲንን የሚያስለምድ፣ ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ የሚተላለፍ ዘረመል በአሳማዎችና በሰዎች ላይ መገኘቱ ይፋ ሆኗል። ለአሲኔቶባክተር ተብሎ የተዘጋጀ አዲስ መድኃኒት አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2023 ፈቅዳለች፤ በእኛ ማዘዣ ላይ ግን ተጽፎ አላየሁም።

ሀብታም ቤትም ዝም ይላል

ይህን ሁሉ የሰማ ሰው «የድሃ አገር ጣጣ ነው» ይል ይሆናል። አይደለም። በዋሽንግተን ጥግ፣ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት የሜሪላንድ ግዛት፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የምርምር ሆስፒታል አለ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2011 ከኒው ዮርክ አንዲት ታማሚ ወደዚያ ተላከች። ካርባፔነም የማይበግረው ክሌብሲየላ እንዳለባት አስቀድሞ ተነግሯቸዋል። ለብቻዋ አስተኟት፣ የሚገባው ሁሉ ጋውንና ጓንት ለበሰ። በሐምሌ ወጥታ ሄደች፤ እፎይ ተባለ። በነሐሴ ወር ግን ሁለተኛ ታማሚ ላይ ተገኘ። ከዚያ በየሳምንቱ አንድ አንድ።

ሳይንቲስቶቹ የእያንዳንዱን ባክቴሪያ ሙሉ ዘረመል አንብበው የዘር ሐረጉን ሲያወጡ ሁሉም ከዚያች ታማሚ የተነሣ መሆኑ ታወቀ። በመካከሉ ምንም ምልክት ያልታየባቸው ተሸካሚዎች ነበሩ። ባክቴሪያው በሲንክ ፍሳሽ ውስጥ ተገኘ፤ ጸድቷል በተባለ የመተንፈሻ ማሽን ላይም ተገኘ። ግድግዳ ሠርተው ክፍሉን ለዩ፣ ቧንቧ ነቀሉ፣ ክፍሎቹን በሃይድሮጂን ፐሮክሳይድ እንፋሎት አጠኑ፤ ሠራተኛው እጁን ማጽዳቱን ብቻ ቆሞ የሚያይ ሰው መደቡ። እስከ ዓመቱ መጨረሻ 18 ታማሚዎች ተይዘው 11 ሞቱ፤ ከነዚህ 6ቱን የገደለው ኢንፌክሽኑ ነው ተብሎ ተመዘገበ።

ሕዝቡ ይህን የሰማው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2012 የጥናት ጽሑፉ ሲወጣ ነው፤ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ። «ለምን ሳይነገረን?» የሚል ወቀሳ ተነሣ። ወቀሳው ትክክል ነው። ነገር ግን እነሱ ዘግይተውም ቢሆን ከሲንኩ እስከ ማሽኑ፣ የሞተውንም የዳነውንም ቆጥረው አሳተሙት። ዛሬ በየአገሩ ያሉ የኢንፌክሽን ተቆጣጣሪዎች ከዚያ ጽሑፍ ይማራሉ። እኛ ዘንድ ተመሳሳይ ነገር ሲደርስ የሚቀረው በተረኞች መካከል የሚዞር ወሬ ነው።

ለምን እንደብቃለን?

አንደኛው ምክንያት ፍርሃት ነው። «ባክቴሪያው የያዘው እዚህ ነው» ብሎ የሚናገር ነርስ «ታዲያ ማን አስያዘው?» የሚል ጥያቄ ይከተለዋል፤ መልሱ ሁልጊዜ ዝቅተኛው ደመወዝተኛ ላይ ያርፋል። ሁለተኛው ገበያ ነው፤ ሆስፒታል ስሙ ሲነሣ ታማሚ ይሸሻል። ሦስተኛው እውነተኛ ችግር ነው፤ ብዙ ሆስፒታል ካልቸር የሚሠራ ላቦራቶሪ የለውም፤ ያለውም ውጤቱ ከ2 እስከ 3 ቀን ይወስዳል፤ ደሙ አንቲባዮቲክ ከተጀመረ በኋላ ከተቀዳ ደግሞ ምንም ላይበቅል ይችላል። አራተኛውን መካድ አልፈልግም፤ በጠና የታመመን ሰው በሽታው ይግደለው ባክቴሪያው ለይቶ ማወቅ ከባድ ነው። ሜሪላንድ ላይ እንኳ ከ11 ሟቾች 5ቱ በሌላ ምክንያት ነው የሞቱት ተብሏል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንላለን። ተረቱ ለታማሚው የተነገረ ነበር፤ እዚህ ግን ደባቂው ሐኪም ቤቱ ሆነ። የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ከተመረጡ ሆስፒታሎች የመድኃኒት መላመድን መረጃ እየሰበሰበ ነው፤ ጥሩ ጅምር ነው። በዓለም ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ 1.14 ሚሊዮን ሰዎች በቀጥታ መድኃኒት በለመዱ ባክቴሪያዎች እንደሞቱ ተገምቷል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ከመድኃኒት መላመድ ጋር የተያያዘውን ሞት እስከ እ.ኤ.አ. 2030 በ10 በመቶ ለመቀነስ ቃል ገብቷል። የእኔ ጥያቄ ቀላል ነው፦ በሞት ማስረጃ ላይ ስሙ ያልተጻፈ ገዳይ 10 በመቶ መቀነሱ በምን ይታወቃል?

አስታማሚ ምን ይጠይቅ?

በር ላይ ስትቆሙ እኛን መፍራታችሁን አውቃለሁ። «ሲስተር፣ እባክሽ» ብላችሁ በትሕትና የምትጠይቁት ሰው እንዳይከፋበት ትጠነቀቃላችሁ። የሚከተሉትን ግን ያለ ፍርሃት ጠይቁ። «አንቲባዮቲኩ ከመጀመሩ በፊት ካልቸር ተወስዷል?» «ውጤቱ ምን አለ? ፎቶ ላነሣው እችላለሁ?» «የሽንቱና የአንገቱ ቱቦ ዛሬም ያስፈልገዋል?» «ራሱ ከፍ ተደርጎ ነው የተኛው?» ማሽን ላይ ያለ ታማሚ፣ ሐኪሙ ካልከለከለ፣ ከወገቡ በላይ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ቀና ማለት አለበት። ወደ ሌላ ሆስፒታል ስትላኩ የካልቸር ውጤቱ ከሪፈር ወረቀቱ ጋር ይያያዝ በሉ። የላከው ሆስፒታል ሳይነግር ሲቀር የሚቀበለው ክፍል ታማሚውን ከሌሎች መሃል ያስተኛዋል።

እናንተም እጃችሁን ሳታጸዱ አትንኩት፤ አልጋው ላይ አትቀመጡ፤ ከአጠገቡ ያለውን ታማሚ ለማጽናናት ብላችሁ እጁን አትጨብጡ። የገዛችሁት መድኃኒት ሊያልቅ ሲል ከማለቁ በፊት ንገሩን፤ ስናውቅ ቢያንስ የምንለምነው ሰው እንፈልጋለን።

የመጨረሻው ሹክሹክታዬ ስለ እኛው ነው። ነርሶች «ሳኒታይዘር አልቋል፣ ጓንት አንሷል፣ አንድ ሰው ይጨመርልን» ብለን የምንጽፈው ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ ያድራል። አስታማሚ የጻፈው ቅሬታ ግን ማኔጅመንት ስብሰባ ላይ ይነበባል፤ ሲነበብ ደጋግሜ አይቻለሁ። ስለዚህ የካልቸር ወረቀቱን ስትጠይቁ ፊቴን ባጠቁር እንኳ አትመለሱ፤ ደግማችሁ ጠይቁ፤ ካልተሰጣችሁ በጽሑፍ አመልክቱ። እኛ ለዓመታት የለመንነውን በአንድ ወር ልታስገኙልን ትችላላችሁ።